ባቄላው ሲፈስ፦ እንግሊዝኛን በምግብ አባባሎች መማር

ጅማ ውስጥ ከአንድ ቡና ላኪ ዘንድ የሚሠራ ወጣት፣ ከውጭ አገር ገዢ «ሁ ስፒልድ ዘ ቢንዝ?» የሚል መልእክት ቢደርሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መጋዘን ነው። ጆንያ የተቀደደ ይመስለዋል። አይፈረድበትም። ቢንዝ ባቄላ ነው፣ የቡናውንም ፍሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ኮፊ ቢንዝ ይሉታል፣ ስፒል ደግሞ ማፍሰስ ነው። ጠያቂው ግን ያለው «ምስጢሩን ማን አወጣው?» ነው። ምናልባት ዋጋው ከድርድሩ በፊት ሌላ ጆሮ ገብቷል።

ይህ ልጅ የቃል እጥረት የለበትም፤ ሁሉንም ቃል ያውቃቸዋል። የጎደለው ቃላቱ ተሰብስበው ሲቆሙ የሚሰጡት ትርጉም ነው። በእኛም ቋንቋ ያው ነው፤ «ጠብ ያለሽ በዳቦ» የሚለውን ቃል በቃል የፈታ እንግዳ ዳቦ ሊገዛ ይወጣል።

የምግብ አባባሎች ለመጀመሪያ የሚመረጡት ዕቃዎቹ በየቀኑ ዓይናችን ሥር ስላሉ ነው፤ ጨው፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ምጣድ። በዚያ ላይ ግሦቹ ከቋንቋው በጣም ተፈላጊ ግሦች ውስጥ ናቸው፤ ኢት፣ ባይት፣ ብሬክ፣ ቴይክ፣ ሃቭ። አንድ አባባል በደንብ የያዘ ሰው ግስ፣ ስም፣ መስተዋድድና እጅግ አስቸጋሪ የሆኑትን «ኧ» እና «ዘ»ን ጭምር ባንድ ጊዜ ይዟል።

«ምሳሌ የሌለው ንግግር ጨው እንደሌለው ወጥ ነው» ይላሉ ኦሮሞዎች። ጨው ሲበዛም ወጥ ያበላሻልና ከመጠኑ እንጀምር።

መጠንና ዕቃ

በሳምንት 3 አባባል። ከዚያ በላይ አትያዙ። ችግሩ ብዛቱ ብቻ አይደለም፣ መደበላለቁ ነው። «ስፒል ዘ ቢንዝ» እና «ፉል ኦቭ ቢንዝ» በአንድ ሳምንት የተማረ ሰው ሁለተኛውን «ፉል ኦቭ ዘ ቢንዝ» ብሎ ያወጣዋል፤ «ዘ» ከአንዱ ወደ ሌላው ትሾልካለች። ስለዚህ ባቄላ ያለባቸውን ሁለት አባባሎች ቢያንስ በ3 ሳምንት አራርቁ። ኬክም፣ ጨውም፣ እንቁላልም እንዲሁ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። አንደኛ፣ ባለ 50 ሉክ ደብተር፤ ለአንድ አባባል አንድ ገጽ ስትሰጡ 100 አባባል ይይዛል፣ በሳምንት 3 ከሆነ 33 ሳምንት ያስኬዳል። ሁለተኛ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ። ሦስተኛ፣ ለተማሪ የተዘጋጀ እንግሊዝኛ ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፤ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የተማሪ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነጻ ይከፈታሉ፣ ድምፅም አላቸው። አባባል በመዝገበ ቃላት ውስጥ በመጀመሪያ ቃሉ አይፈለግም። ዋናውን ስም ይዛችሁ ግቡ፤ እዚያ ከጠፋ ግሱን ሞክሩ። «ኧ ፒስ ኦቭ ኬይክ» «ኧ» ሥር ሳይሆን «ፒስ» ወይም «ኬይክ» ሥር ነው ያለው። ስታገኙት አጠገቡ የተጻፈውን ምልክት ሳትቀዱ አትውጡ፤ «ኢንፎርማል» ካለ የጓደኛ ቋንቋ ነው፣ «ኦልድ ፋሽንድ» ካለ ያረጀ ነው፣ «ብሪቲሽ» ካለ አሜሪካዊ ላይገባው ይችላል።

እዚህ እንግሊዝኛውን በፊደላችን የጻፍነው ድምፁን ለማሳየት ነው። ደብተራችሁ ላይ ግን ከመዝገበ ቃላቱ የተቀዳው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይቀመጥ።

የገጹ አራት መስመሮች

ከአባባሉ ሥር አራት መስመር ይጻፋል። «ስፒል ዘ ቢንዝ»ን ይዘን እንሂድ።

የመጀመሪያው መስመር ሥዕሉ ነው፤ ቃል በቃል የሚታየው ነገር። «ባቄላውን ደፋው»። ከቻላችሁ ሳሉት፤ የተገለበጠ እንቅብ ይበቃል።

ሁለተኛው ፍቺው ነው። «ምስጢር ማውጣት» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ ማን፣ ምን ሁኔታ ላይ እንደሚለው ይግባበት። «ሊነገር የማይገባውን፣ ብዙ ጊዜም ሳያስበው፣ ተናገረ» ብትሉ ይሻላል።

ሦስተኛው መስመር አጥንቱ ነው፤ የትኛው ቃል ይንቀሳቀሳል፣ የትኛው ደርቆ ቀርቷል የሚለው። ተማሪዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፣ የሚወድቁትም እዚሁ ላይ ነው። በዚህ አባባል ግሱ ይንቀሳቀሳል፤ ስፒልዝ፣ ስፒልድ፣ እንግሊዝ አገር ደግሞ ስፒልትም ይባላል። «ዘ ቢንዝ» ግን አይነካም፤ «ኧ ቢን» አይሆንም፣ «ማይ ቢንዝ» አይሆንም። በእኛ ቋንቋ ይህ «ዘ» ራሱን ችሎ የሚቆም ቃል የለውም፣ ከስሙ ጅራት ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው፤ «ባቄላ-ው»። ለዚህ ነው አማርኛ ተናጋሪ «ዘ»ን ቶሎ የሚጥለው። «ሂ ስፒልድ ቢንዝ» ካላችሁ ሰውዬው በእውነት መሬት ላይ ባቄላ ደፍቷል፤ መጥረጊያ ይፈለግለታል። ለማን እንደተነገረ ሲጨመር «ቱ» ይመጣል፣ ስለ ምን እንደሆነ ሲጨመር «አባውት»። እነዚህን ሁለቱንም እዚሁ መስመር ላይ ጻፏቸው።

አራተኛው ጓደኛው ነው፤ የእኛ አቻ። አቻ ሲፈለግ ቃሉን ሳይሆን ሁኔታውን ተከተሉ። ለ«ስፒል ዘ ቢንዝ» የሚስማማው «ሁሉን ዘረገፈው» ነው፤ ተቃራኒውም «ሆድ ይፍጀው» አለን። ቤታችሁ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ከሆነ የኦሮምኛውን ጻፉ፤ መጀመሪያ አእምሯችሁ ላይ ብልጭ ያለው ነው የሚሻለው። አቻ ካልመጣ መስመሩ ባዶ ይቅር። በግድ የተገጠመ ተረት በኋላ ያሳስታል።

ከአራቱ ሥር ከራሳችሁ ኑሮ የወጣ አንድ ዐረፍተ ነገር ይግባ። «ማይ ሊትል ብራዘር ስፒልድ ዘ ቢንዝ አባውት ዘ ፓርቲ።» ለእናታችሁ በድብቅ የተደገሰውን ድግስ ትንሹ ልጅ ካወጣባችሁ፣ ይህ ዐረፍተ ነገር ከመጽሐፍ ከተቀዱ አሥር ምሳሌዎች ይበልጣል።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ጅማ ላይ ለልምምድ የሚሆን ሰዓት መፈለግ አያሻም፤ ቡና በየቤቱ ይፈላል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል። ሦስቱን ዙር ለሦስት ሥራ ክፈሉት።

በአቦል ላይ አንዱ ሥዕሉን በአማርኛ ይላል፣ «ከመጥበሻው ወጥቶ እሳቱ ውስጥ»፣ ሌላው አባባሉን በእንግሊዝኛ ያወጣል። ደብተር ተዘግቶ።

ቶና ላይ ቅርጹን መለወጥ ነው። ያው አባባል በኃላፊ ጊዜ፣ በጥያቄ፣ በአሉታ። «ባይት ኦፍ ሞር ዛን ዩ ካን ቹ» የሚለውን ውሰዱ፤ ማኘክ ከሚቻለው በላይ መጉረስ፣ ማለትም ከአቅም በላይ ሥራ መያዝ። በኃላፊ ጊዜ ሲሆን «ሂ ቢት ኦፍ ሞር ዛን ሂ ኩድ ቹ» ይሆናል። ልብ በሉ፣ ሦስት ቦታ ነው የተለወጠው፦ ባይት ወደ ቢት፣ ዩ ወደ ሂ፣ ካን ወደ ኩድ። ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ለውጦ ሁለቱን ይረሳል። ቶና ላይ የሚያዘው ይህ ነው።

በረካ ላይ ስለ እውነተኛ ጉዳይ በእንግሊዝኛ አውሩ፤ ስለ ፈተና፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ዝናቡ። በጨዋታው መካከል ከሳምንቱ ሦስት አንዱን ጣል አድርጉ፣ «አሁን አባባል ልናገር ነው» ሳትሉ። የሰማው ሰው ሳይስቅና ሳይደናገር ወሬውን ከቀጠለ አባባሉ ቦታውን አግኝቷል። ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ብቻ፤ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ የሚደረድር ሰው በረካው ሳያልቅ ያደክማል።

ጨው

«ቴይክ ኢት ዊዝ ኧ ፒንች ኦቭ ሶልት» ማለት የሰማኸውን ሁሉ እንዳለ አትመነው ማለት ነው። ፒንች ቁንጣሪ ነው፣ በሁለት ጣት የሚነሣው። አሜሪካኖች በ«ፒንች» ፈንታ «ግሬይን» ይላሉ፣ አንዲት እንክብል ጨው። ምንጩ ወደ ላቲን ይሄዳል፤ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ አንድ የመርዝ ማርከሻ ቅመም ሲዘረዝር «አንዲት የጨው ቅንጣት ጨምሮ» ይላል። አጥንቱ ላይ የሚጻፈው፣ የሚጠረጠረው ነገር «ቴይክ» እና «ዊዝ» መካከል እንደሚገባ ነው። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የምታስጎበኙ ከሆነ እንግዳው አንድ አፈ ታሪክ ሰምቶ «አይል ቴይክ ዛት ስቶሪ ዊዝ ኧ ፒንች ኦቭ ሶልት» ሊላችሁ ይችላል። ውሸታም ማለቱ አይደለም፣ ጨውም አልጠየቀም። ለዚህ አባባል የሚመጥን የአማርኛ ተረት መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ አራተኛውን መስመር ባዶ ተዉት።

«ወርስ ሂዝ ሶልት» ደግሞ ለሥራው የሚመጥን፣ የሚከፈለው የሚገባው ማለት ነው። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከ«ኤኒ» ጋር ነው የሚመጣው፦ «ኤኒ ቲቸር ወርስ ሂዝ ሶልት ኖውዝ ዛት»፣ አስተማሪ የሚባል ሁሉ ያንን ያውቃል። ደመወዝ የሚባለው «ሳላሪ» ከላቲኑ ሳላሪየም የመጣ ሲሆን ሥሩ ጨው ነው። አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ሲገበያይበት ለኖረ አገር ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለውን አጠገቡ መጻፍ ያጓጓል፤ ግን የእኛው ማስጠንቀቂያ ነው፣ የእነሱ ምስጋና። ቅርብ እንጂ አንድ አይደሉም።

እንጀራ፣ ቅቤ፣ ወተት

«ብሬድ ኤንድ በተር» መተዳደሪያ ነው። «ኮፊ ኢዝ ዜር ብሬድ ኤንድ በተር» ሲባል እንጀራቸው ቡና ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ «እንጀራ»ን እንደ ምግብ ስም ወደ እንግሊዝኛ ካሻገራችሁት ፈረንጁ ቡና ከእንጀራ ጋር የሚበላ ይመስለዋል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ «በተር ኤንድ ብሬድ» የሚል የለም። ከዚሁ ቤት «ብሬድዊነር» አለ፣ የቤቱን ወጪ የሚሸፍን ሰው። ሌላው «ብሪንግ ሆም ዘ ቤይከን» ነው፣ ሠርቶ ቤት ማስተዳደር። ቤይከን የአሳማ ሥጋ ነው። አባባሉ ስለ መብላት ባይሆንም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አሳማ በማይበላበት ቤት አፍ ላይ ላይጥም ይችላል፤ «ፑት ፉድ ኦን ዘ ቴይብል» ያንኑ ይላል፣ ማንንም አይከነክንም።

«በተር ሰምዋን አፕ» ሰውን ለጥቅም መካብ፣ መሸንገል ነው። አናት ላይ ቅቤ መቀባት ለእኛ ክብርና ፍቅር ስለሆነ ሥዕሉ ያሳስታል፤ በእንግሊዝኛው ሁልጊዜ ከጀርባው ጥያቄ አለ። አለቃውን ስትሉ ሁለት መንገድ ይሄዳል፣ «በተር ዘ ቦስ አፕ» ወይም «በተር አፕ ዘ ቦስ»። «ሂም» ወይም «ኸር» ሲሆን ግን መካከል ብቻ፤ «በተር ሂም አፕ»። «በተር አፕ ሂም» ስህተት ነው። ይህችን አንድ ሕግ በዚህ አባባል የያዘ ሰው «ፒክ ኢት አፕ»ንም «ተርን ኢት ኦፍ»ንም አብሮ ያገኛል።

«ኢትስ ኖ ዩዝ ክራይንግ ኦቨር ስፒልት ሚልክ» ከ«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ጋር ጥሩ ይገጥማል። የእነሱ ማልቀሱን ይከለክላል፣ የእኛ ማፈሱን። «ኖ ዩዝ» ካለ በኋላ ግሱ «-ኢንግ» ይይዛል፤ «ኖ ዩዝ ቱ ክራይ» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው።

እስካሁን ካየናቸው በላይ ቁርጥ አቻ የምንለው የሚቀጥለው ነው። «ፓይ ኢን ዘ ስካይ»፣ በሰማይ ላይ ያለ ኬክ መሰል የተጋገረ ምግብ፣ የማይጨበጥ ተስፋ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»። ሁለቱም ምግቡን ሰማይ ላይ ሰቅለውታል። እንግሊዝኛው ስም ብቻ ስለሆነ በ«ኢዝ» አገናኙት፦ «ሂዝ ፕላን ኢዝ ፓይ ኢን ዘ ስካይ»። ፊቱ «ኧ» አይገባም።

ምጣድና ድስት፦ ተቃራኒ ተረቶች

«አውት ኦቭ ዘ ፍራይንግ ፓን ኢንቱ ዘ ፋየር» ያለ ጭንቀት «ከድጡ ወደ ማጡ» ነው። ግስ የለውም፤ በብዛት ብቻውን ይጣላል።

የሚቀጥለው ግን የአስተሳሰብ ልዩነት አለበት። «ዩ ካንት ሜይክ አን ኦምሌት ዊዛውት ብሬይኪንግ ኤግዝ»፣ እንቁላል ሳይሰበር ኦምሌት አይሠራም፤ ትልቅ ነገር ለማግኘት ጥቂት ይጎዳ የሚል። የእኛው «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ደግሞ ትልቁ ነገር እንዳይጎዳ ጥፋተኛዋን እንተዋት ይላል። አንደኛው ስበር ይላል፣ ሁለተኛው አትስበር። «ቱ ሜኒ ኩክስ ስፖይል ዘ ብሮስ»፣ ወጥ ሠሪ ሲበዛ ሾርባው ይበላሻል የሚለውም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ፊት ይቆማል። እንግሊዝኛው ራሱ «ሜኒ ሃንድዝ ሜይክ ላይት ወርክ» የሚል አለው፣ እሱ ነው የሎሚው ወገን። እንዲህ ዓይነት ተቃራኒዎችን አራተኛው መስመር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፏቸው። ለበረካ ክርክር ከእነዚህ የተሻለ የለም፤ አንዱ በኦምሌቱ፣ ሌላው በአይጧ ሆኖ ሲከራከሩ «ቢኮዝ» እና «ኦልዞው» ሳይጠሩ ይመጣሉ።

ኬክ፣ አፕልና ቡና በአጭሩ

«ኧ ፒስ ኦቭ ኬይክ» በጣም ቀላል ነገር። ብዙ ጊዜ ከ«ኢዝ» ወይም «ዋዝ» ጋር ይመጣል፣ ለሰው አይባልም፣ «ቬሪ» አይጨመርበትም። «ዩ ካንት ሃቭ ዩር ኬይክ ኤንድ ኢት ኢት» ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ኬክ ካለኝ ለምን አልበላውም? «ሃቭ» እዚህ ሳይነኩ ማቆየት ነው፤ ከበላኸው የለህም፣ ካቆየኸው አልበላኸውም። በሁለት ቢላ መብላት አይቻልም እንደማለት ነው።

«ዚ አፕል ኦቭ ማይ አይ» ውስጥ ያለው አፕል ፍሬ አይደለም። በድሮ እንግሊዝኛ የዓይን ብሌን ክብ ስለሆነ አፕል ይባል ነበር። በመዝሙረ ዳዊት «እንደ ዓይን ብሌን ጠብቀኝ» የሚለው በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አፕል» ነው። ስለዚህ ይህን አባባል አማርኛ ተናጋሪ ሳይማረው ያውቀዋል።

«ዌይክ አፕ ኤንድ ስሜል ዘ ኮፊ» ጅማ ላይ ለእንግዳ ግብዣ የሚመስል፣ ግን ግሣጼ ነው፤ ንቃ፣ እውነታውን እይ። ቡና እየተቆላ ለመጣ እንግዳ ይህን ያለ ሰው ሰድቦታል። ግብዣው «ዉድ ዩ ላይክ ሰም ኮፊ?» ነው፣ ሌላ ጌጥ አይፈልግም። «ኖት ማይ ካፕ ኦቭ ቲ» አልወደውም፣ አይመቸኝም ማለት ሲሆን ለሙዚቃ፣ ለስፖርት፣ ለሥራ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአሉታ ነው የሚመጣው።

«ፉል ኦቭ ቢንዝ» ጉልበትና ደስታ የሞላው፣ አንድ ቦታ የማይቀመጥ ልጅን ለመግለጽ ነው። የማስታወሻ ዘዴው ከቁርስ ቤት ይመጣል፤ ፉል የበላ ልጅ እንዴት እንደሚፈነጭ አስቡ። ቃሉ ሌላ፣ ሥዕሉ ግን አይረሳም። አሜሪካ ውስጥ ሲባል ግን «የምታወራው ትርኪ ምርኪ ነው» ሊሆን ይችላል።

«መብላት» ሲሻገር

ትልቁ አደጋ በተቃራኒው መንገድ ነው፤ የእኛን የምግብ አነጋገር ወደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል መጫን። «ገንዘቤን በላኝ» በእንግሊዝኛ በ«ኢት» አይሆንም፣ «ሂ ቺትድ ሚ» ነው። ጉቦ አይበላም፣ ይወሰዳል፤ «ቱክ ኧ ብራይብ»። «ራሴን በላኝ» ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ቃል በቃል ካላችሁ ያስደነግጣል፤ «ማይ ሄድ ኢችዝ» በሉ። በጨዋታ የተበላ ሰው «አይ ሎስት» ይላል። አንዳንዱ ግን ይሻገራል፤ ጊዜ የሚበላ ሥራ በእንግሊዝኛም «ኢትስ አፕ ታይም» ነው።

መብሰልም ወጥመድ አለው። «ያልበሰለ ሐሳብ» ለ«ሃፍ ቤይክድ አይዲያ» ቁልጭ ያለ አቻ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በሳል ሰውን «ኩክድ» የሚል ተማሪ አለ። በዛሬ ወጣቶች እንግሊዝኛ «ሂ ኢዝ ኩክድ» ማለት አለቀለት፣ አበቃለት ነው። በሳሉ «ማቹር» ነው።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የመሰለውን የእኛን ተረት ለፈረንጅ መንገር ያምራል፤ ግን መጀመሪያ «ዊ ሃቭ ኧ ሴይንግ» ብላችሁ፣ ወለምታ በቅቤ እንደሚታሽ አስረዱና ከዚያ ተረቱን አምጡ። ያለ መንደርደሪያ ከተጣለ እንቆቅልሽ ይሆናል።

አፍ ላይ እንዲገባ

አማርኛ ተናጋሪ «ስ» እና «ፕ» ተጣብቀው ሲመጡ ፊታቸው «እ» ይጨምራል፤ እስፒል፣ እስፖይል። መድኃኒቱ «ስስስ» እያሉ መቆየትና ሳያቋርጡ «ፒል» ማለት ነው። «ቢንዝ» ላይ ድምፁን ሳቡት፤ ካሳጠራችሁት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ቅርጫቶችን ነው የደፋችሁት። መጨረሻው ሲጻፍ «ስ» ቢመስልም የሚነበበው «ዝ» ነው።

የ«ፕ» ፈተና በወረቀት ነው። ቁራጭ ወረቀት ከከንፈር ፊት 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ያዙና «ፒስ»፣ «ፓይ» በሉ፤ ወረቀቱ መወዛወዝ አለበት። «ስፒል» ስትሉ ግን እምብዛም አይነቃነቅም፤ ከ«ስ» በኋላ ትንፋሹ ይቀራል። በ«ፒስ» እና በ«ፓይ» ካልተወዛወዘ «ብ» ብላችኋል ወይም ወደ «ጵ» አክርራችኋል።

«ወርስ» እና «ብሮስ» ብለን የጻፍነው መጨረሻ ድምፅ በፊደላችን የለም። ምላስ በላይና በታች ጥርስ መካከል ትንሽ ወጥታ ትንፋሽ ይለፍባት። «ዘ» ስትሉም ምላሷ እዚያው ናት፣ ጉሮሮ ግን ይንቀጠቀጣል። አናባቢ ሲከተላት «ዚ» ትሆናለች፣ ዚ አፕል፣ ዚ ኢቲንግ።

ሲፋጠን ቃላቱ ይጋባሉ። «ፒስ ኦቭ ኬይክ» በጆሮ «ፒሶቭ ኬይክ»፣ «ካፕ ኦቭ ቲ» «ካፖቭ ቲ» ነው። ጫናው መጨረሻው ስም ላይ ይውደቅ፤ ኬይክ፣ ቲ፣ ሶልት። እያንዳንዱን ቃል እኩል የሚረግጥ ሰው ሰዋስው ባይሳሳትም ፈረንጁ ይደግምልኝ ይላል። ድምፃችሁን በስልክ 3 ጊዜ ቅዱና ከመዝገበ ቃላቱ ጋር አነጻጽሩ፤ የመጀመሪያውን ሳይሆን ሦስተኛውን አስቀምጡ።

የት አይባልም

ለሥራ ማመልከቻ፣ ለጥናት ጽሑፍ፣ ለሕክምና ሪፖርት አይሆንም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ሙከራው «ኧ ፒስ ኦቭ ኬይክ» ነበር ብሎ ቢጽፍ አማካሪው ይሰርዘዋል፤ «ስትሬትፎርዋርድ» ይበል። በቃል ፈተና ላይ አንድ ወይም ሁለት በቂ ነው። ረጅሞቹን ምሳሌዎች ደግሞ ባለቋንቋዎቹ አይጨርሷቸውም፤ «ዌል፣ ቱ ሜኒ ኩክስ...» ብለው ይተዉታል፣ እኛ «ሲሮጡ የታጠቁት...» ብለን እንደምንተው። ሙሉውን የሚያወርድ ሰው ፈተና የሚመልስ ይመስላል። ግማሹንም ስትሰሙ እንድትለዩት መጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቃላት ለብቻ አጥኑ።

ክለሳ

እያንዳንዱን ገጽ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን ክፈቱት። የ7ኛውን ቀን ሐሙስ ላይ ብታውሉት ለሂርማታ ገበያ ይመቻል። ገበያውን በምታውቁት ቅደም ተከተል እየዞራችሁ በየተራው አባባሉን ስቀሉ፤ ቅቤ ተራ ስትደርሱ «በተር ሂም አፕ»፣ እንቁላል ሻጮቹ ጋ ኦምሌቱ፣ ጨው ላይ ቁንጣሪው፣ እህል ተራ ባቄላው። ድንች አጠገብ «ሆት ፖቴይቶ» አለ፣ ማንም ሊነካው የማይፈልግ አወዛጋቢ ጉዳይ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤት ተቀምጣችሁ መንገዱን በሐሳብ ብትሄዱት አባባሎቹ በየቦታቸው ይጠብቋችኋል።

በ21ኛው ቀን ደብተሩ ተዘግቶ አባባሉን በሁለት አዲስ ዐረፍተ ነገር፣ አንዱ በኃላፊ ጊዜ፣ በድምፅ ቅዱ። «ዘ» ወይም «ኧ» ከጠፋች ገጹ ወደ 3ኛው ቀን ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አፋችሁ ላይ እሺ ያላለውን ገጽ ጥጉን እጠፉትና እለፉት፤ ሰው ሲለው ከገባችሁ ይበቃል።